የአንጥረኛው ስም ከፖስተሩ ለምን ወጣ?

በዘንድሮው የኮሌጃችን የተማሪዎች የሳይንስ ፕሮጀክት ቀን ካቀረብነው ፖስተር ላይ፣ ሊታተም ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ መስመር ወጥቷል። መስመሩ "ምስጋና" ከሚለው ሥር ነበር፤ እውቀታቸውን ያካፈሉንን አንድ አዛውንት አንጥረኛ በስማቸው ያመሰግን ነበር። እንዲወጣ ያደረገው ፕሮፌሰራችን አይደለም፤ እሱማ ወዶት "ይህን ከፍ አድርጉት" ብሎን ነበር። እንዲወጣ ያደረገው የእኛው የሐበሻ ይሉኝታ ነው። ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ የማኅበሩ አባላትና የቀድሞ ተማሪዎች ስለሆናችሁ፣ ነገሩንም ግማሹን በቴሌግራም ግሩፓችን ስላያችሁት፣ ሳልሸፋፍን ልጻፈው።

ፕሮጀክቱን ላላያችሁት ባጭሩ ይህን ይመስላል። ሦስት ነን፤ ሁለታችን ኢንጂነሪንግ፣ አንዷ ኬሚስትሪ እናጠናለን። ርእሳችን የብርና የመዳብ ቅይጥ ጠባይ ነበር፤ የዘርፉ ሰዎች አሎይ የሚሉት ማለት ነው። ንጹሕ ብር ላይ መዳብ እየጨመርን ስንሄድ የሚቀልጥበት ሙቀት፣ ጥንካሬውና እፍግታው (ዴንሲቲው) እንዴት እንደሚለወጥ ለካን። ሌሎቹ ቡድኖች አሉሚኒየምና ታይታኒየም ሲይዙ እኛ ወደ ብር የሄድነው በጠገራ ብር ምክንያት ነው።

ጠገራ ብር፣ በሌላ ስሙ ማርትሬዛ፣ በአያቶቻችን አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የምናውቀው ትልቁ ክብ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ያው 1780 እየተጻፈበት ከቪየና አልፎ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ኖሯል። ሚዛኑ 28.07 ግራም ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ። ዛሬ ከወረቀት የተሠራውን ገንዘባችንን "ብር" የምንለው ገንዘቡ አንድ ጊዜ እውነተኛ ብር ስለነበረ ነው። አንጥረኞቻችን ይህንን ብር እያቀለጡ መስቀል፣ አምባር፣ አልቦና ጉትቻ ሠርተውበታል። ቤታችሁ ከእናታችሁ ሻንጣ ጋር የመጣ የቆየ የብር ጌጥ ካለ፣ አንድ ጊዜ የንግሥቲቱ ፊት ያለበት ጠገራ የነበረ ሊሆን ይችላል። እኛም ያልነው "አያቶቻችን የለበሱትን ቅይጥ ራሳችን ላብ ውስጥ እንሥራው" ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ ታገሡኝ፤ ክርክሬ ያለ እሱ አይቆምም።

ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ንጹሕ መዳብ በ1085። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አማካዩ ላይ የሚቀልጡ ይመስላል፤ ግን ከሁለቱም በታች ይወርዳሉ። ከመቶ 72 ያህሉ ብር፣ 28ቱ መዳብ ሲሆን ቅይጡ በ779 ዲግሪ እንዳለ ይቀልጣል፤ ሲበርድም በዚያችው ሙቀት ላይ ቆሞ ይረጋል፣ ልክ ውኃ በረዶ ሲሆን እንደሚያደርገው። ይህን ነጥብ መጻሕፍቱ ዩቴክቲክ ይሉታል። ቴርሞካፕል አስገብተን ሲበርድ ስንከታተለው በኮምፒዩተሩ ላይ መስመሩ ወርዶ ወርዶ 779 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ተኛ። ከመጽሐፍ ያነበባችሁት ነገር እጃችሁ ላይ ሲሆን ማየት ደስ ይላል፤ በዚያ ሌሊት ላቡ ውስጥ እልል ያለች ሰው ነበረች፣ ስሟን አልናገርም።

የማርትሬዛው ቅይጥ ግን እንዲህ ቁርጥ ያለ አይደለም። በ779 መቅለጥ ይጀምርና ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ የሚሆነው 840 አካባቢ ሲደርስ ነው። በመካከል ያለው ነገር እንደ ወፈረ አጥሚት ነው፤ ግማሹ ፈሳሽ፣ ግማሹ ጠጣር። በዚህ ሰዓት ወደ ቅርጽ ማውጫው ቢገለብጡት ጥጋጥጉ ድረስ አይሄድም። ትንሽ ካዘገዩት ደግሞ መዳቡ ከአየር ጋር ተቃጥሎ ይጠቁራል። አንጥረኛ ለዚህ ቴርሞካፕል የለውም፤ ዓይን ነው ያለው።

ጥንካሬውም ላይ መዳብ ሥራውን ይሠራል። በእሳት የለዘበ ንጹሕ ብር በቪከርስ መለኪያ 25 ወይም 30 ቢሆን ነው፤ በጥፍር የሚጫር ባይሆንም ለቀለበት አይበጅም፣ ይጎብጣል። 7.5 ከመቶ መዳብ የገባበት፣ እዚህ አገር ስተርሊንግ የሚሉት፣ ለዝቦም ከንጹሑ እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ምክንያቱ የመዳብ አተም ከብር አተም ወደ አሥራ አንድ በመቶ ያህል ያነሰ መሆኑ ነው፤ በብሩ ድርድር መካከል ሲገባ ድርድሩን ያንሻፍፈዋል፣ ንብርብሮቹም አንዱ በሌላው ላይ እንደ ልባቸው መንሸራተት ያቅታቸዋል። ብር በቀይ ትኩሳቱ ላይ ሳለ መዳብን ይሟሟዋል፣ ሲበርድ ግን ሊይዘው አይችልም፤ ቀስ ብሎ ከበረደ መዳቡ እየተለየ ይወጣል። ይህን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አዛውንቱ።

ፕሮጀክቱ መካከል ላይ ሳለን ከአንዲት የማኅበሩ አባል ቤት የቆየ የብር አምባር ተዋስን። ቆርጠን ልናየው አንችልም፤ የሰው ቅርስ ነው። ስለዚህ በሁለት መንገድ ለካነው። አንደኛው የአርኪሜዲስ ነው፦ በአየር ላይ መመዘን፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ መመዘን፣ ከልዩነቱ እፍግታውን ማውጣት። ብር በኩብ ሴንቲሜትር 10.49 ግራም ነው፣ መዳብ 8.96፤ ማርትሬዛ ሲሰላ 10.2 አካባቢ ይመጣል። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ነው፤ ዕቃው ላይ ታነጣጥሩበትና በሰከንዶች ውስጥ ምን ምን እንዳለበት በመቶኛ ይነግራችኋል። ዋጋው የመኪና ነው፣ ዲፓርትመንቱም ያለ ተቆጣጣሪ አያስነካም። ሁለቱ አልተስማሙም። መሣሪያው አምባሩን ከስተርሊንግ የማይተናነስ ጥሩ ብር አደረገው፤ ውኃው ደግሞ ከማርትሬዛም ዝቅ ያለ ነው አለ።

ያኔ ነው ኬሚስትሪ የምታጠናው ጓደኛችን "አባባን ልጠይቅ" ያለችው። የእናቷ አባት ዕድሜ ልካቸውን ብር ሲያነጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ሥራ አቁመዋል። ይህን ለእኛ ስትነግረን የመጀመሪያዋ ነበር። አብረን ሦስት ዓመት ተምረናል።

በቪዲዮ ደወልን። ሰላምታው፣ "ልጆቼ በላችሁ ወይ"ው፣ ብርዱ፣ ሁሉ ተጠየቀ። ጉዳዩን ስናስረዳቸው አምባሩን ወደ ካሜራው እንድናስጠጋ አዘዙንና "ፍቃችሁ አይታችሁታል?" አሉን። አልፋቅንም። "ላዩን አትመኑ። ላዩ ሁልጊዜ ከውስጡ ይነጣል። ሥራ ሲያልቅ በእሳት አድርገን በሎሚ እንቀቅለዋለን፤ ጥቁሩ ይሄዳል፣ ነጩ ይቀራል። ደጋግመህ ካደረግኸው መናኛውም ብር ጥሩ ይመስላል። ገዢ ሲመጣ ዋናው አንጥረኛ ጥጉን በሞረድ ነካ ያደርጋል" አሉ።

ነገሩን በኋላ ስናነበው ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው። ሲግል ላይኛው መዳብ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፣ አሲዱ (የሎሚው ሲትሪክ አሲድ) ኦክሳይዱን አጥቦ ይወስደዋል፣ ብሩ ግን አይነካም። በድግግሞሽ ላዩ በብር የበለጸገ ስስ ቆዳ ይሆናል። የኤክስሬዩ መሣሪያ የሚያየው ያንን ቆዳ ነው፤ ብር ከባድ ስለሆነ ጨረሩ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የቆዩ የብር ሳንቲሞችን የሚመረምሩ የአርኪዮሎጂ ሰዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁታል። እኛ ያወቅነው ከአዛውንቱ ነው።

በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ማለዘብ ጠየቅናቸው። ብር በመዶሻ ሲደበደብ ይጠነክራል፣ ካላለዘቡት ይሰነጠቃል። እንዴት እንደሚያለዝቡት ሲነግሩን "ቀይ ሲሆን ውኃ ውስጥ እጨምረዋለሁ" አሉ። እኔ ደግሞ የብረት ኮርስ ገና መውሰዴ ስለነበር ጠየቅኋቸው፦ ቀጥቃጭ ማረሻን አግሎ ውኃ ውስጥ የሚጨምረው እንዲጠነክር አይደለም እንዴ? ሳቁብኝ። "ማረሻ ውኃ ሲነካው ይቆጣል፣ ብር ውኃ ሲነካው ይገራል። ወንድሜ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፣ እኔ ብር አነጥር ነበር፣ ባንድ ገንዳ ውኃ ነበር የምንጨምረው" አሉን።

አንድ ገንዳ ውኃ፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት። ይህ በሁለተኛ ዓመት የማቴሪያል ሳይንስ ፈተና ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ማረሻው ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከመኪና ባሌስትራ ነው፤ ባሌስትራ ውስጥ ካርቦን አለ። ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ መውጫ ያጣና ብረቱን ከውስጥ ወጥሮ ይይዘዋል፤ ማርቴንሳይት ይባላል፣ እጅግ ጠንካራና ተሰባሪ ነው። ብሩ ላይ ግን ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነገር ይሠራል። ቀስ ብሎ ከበረደ መዳቡ በየጥቃቅኑ እየተለየ ይወጣና ብሩን ያጠነክረዋል፤ በድንገት ከቀዘቀዘ ተሟሙቶ እንዳለ ይቀራል፣ ብሩም ለስላሳ ይሆናል። ላብ ውስጥ ሁለቱንም አደረግን፤ ውኃ የገባው ለስላሳ ነበር። ያንኑ ወስደን በ300 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ስናቆየው ጠነከረ። ፖስተራችን ላይ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የቆመበት ግራፍ ይህ ነበር፣ ሐሳቡም የመጣው ከዚያ ስልክ ነው።

የምስጋናው መስመር እንዲህ ነው የተጻፈው። ረቂቁን ለአስተያየት ግሩፑ ላይ ስንለጥፍ የሆነውን ግማሾቻችሁ ታውቃላችሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪ "ስም መጥቀሱ ምን ያደርጋል፣ ባህላዊ ባለሙያ በሉት ይበቃል" አለ። ሌላው "ኧረ ዓይናቸው እንዳይበላችሁ" ብሎ የሳቅ ምልክት ደረደረ። ከሥሩ ሃያ ሰው ሳቀ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም ይሆናል። በማግሥቱ የጓደኛችን እናት ደወሉ። የአባታቸው ስም እንዲወጣ ለመኑን። "አዘዙን" አላልኩም፣ ለመኑን። ትልቋ ልጃቸው ልታገባ ነው፤ የሙሽራው ቤተሰብ የአባታቸውን ሙያ አያውቅም። እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ለጠየቃቸው ሁሉ አባታቸው ነጋዴ እንደሆኑ ሲናገሩ ኖረዋል። መስመሩን አወጣነው። ይህን ጽሑፍ እንዳወጣ ልጂቱም እናቷም ፈቅደውልኛል፤ ከስማቸው በስተቀር።

በእናትየው ላይ አንዳች ቃል የለኝም። የፈሩትን ነገር ያውቁታል። አንጥረኛ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ ተብሎ ከመሬት፣ ከማዕድና ከጋብቻ የተገፋውን ሰው ታሪክ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የተወራበት ባለ እጅ ነው። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ በማረሻቸው እያረሱ፣ በእንስራቸው ውኃ እየቀዱ ቡዳ ያሏቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ዛሬ እስራኤል ያሉ እኩዮቻችን አያቶቻቸው ምን ሲባሉ እንደኖሩ ሰምተው አድገዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ስላለ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም አትላንቲክን ተሻግሮ አንዲት እናት ስልክ ላይ ድምፃቸው እስኪንቀጠቀጥ አድርሷል።

ጠይብ የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ስድብ አድርገን ነው የምናውቀው፤ ሥሩ ግን ከግዕዙ ጠቢብ ጋር አንድ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰምና ወርቅ ነው። በየዓመቱ የባህል ምሽታችን ላይ የሆነ ሰው መድረክ ወጥቶ ለእንግዶች ስለ ሰምና ወርቅ ያስረዳል፤ የቅኔያችን ጥልቀት፣ የቋንቋችን ኩራት እየተባለ። ስሙ ከየት መጣ? ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ በንብ ሰም የመስቀሉን ቅርጽ ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ወይም ነሐስ ይፈስሳል፤ ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ሊቃውንቱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኙ ለረቂቁ ጥበባቸው የዚህን ሰው ሥራ ስም ሰጡት። ምሳሌውን ወስደን ባለቤቱን ከማዕድ አስነሣን። በዚያው የባህል ምሽት ጠረጴዛ ላይ የምንደረድራቸው መስቀሎች ሥር የምንጽፈው ካርድ "ጥንታዊ የኢትዮጵያ ጥበብ" ነው የሚለው፤ ጥበቡ ራሱን በራሱ የሠራ ይመስላል።

አንጥረኛና ቀጥቃጭ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ አንድ ነገር አለው ሲባል በልጅነቴ ሰምቻለሁ። አዛውንቱን ይህንንም ጠየቅናቸው፣ ጓደኛችን እየተሳቀቀች። መልሳቸው ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም፦ ፀሐይ ላይ የጋለ ብር ቀለሙ አይታይም። የጋለ ብረት የሚያወጣው ብርሃን ደካማ ነው፤ በ650 ዲግሪ ያለው ደብዛዛ ቀይና በ750 ያለው ቀይ የሚለያዩት ጥላ ውስጥ ነው። 779 ላይ መቅለጥ የሚጀምር ነገር በእጃችሁ ይዛችሁ ያንን መቶ ዲግሪ በዓይን መለየት ካልቻላችሁ አምባሩ ከሰሉ ላይ ይፈስሳል። ጨለማው ቤት ቴርሞሜትራቸው ነበር። ሰው ደግሞ ከውጭ ቆሞ ጅብ አየ።

አንድ የኮሚቴ አባል የሰጠኝ መልስ ትንሽ የሚያስኬድ ነው፤ እሱን ላንሳ። "አዛውንቱ የሚያውቁት በልማድ ነው። ዩቴክቲክን አያውቁም፣ ማርቴንሳይትን አያውቁም። ሳይንስ ፖስተር ላይ ማስገባት የባህል ጉራ ነው" አለኝ። ከፊሉን እቀበላለሁ። የብርና የመዳብ ፌዝ ዳያግራም ማንም አቅልጦ የማያውቀውን ቅይጥ እንኳ በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ ይነግረኛል፤ የአዛውንቱ እውቀት ያንን አይነግረኝም። የወንድማቸው ማረሻ ለምን እንደሚቆጣ ቢጠየቁ "ጠባዩ ነው" ነው የሚሉት። አክሱማውያን ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ሳንቲም መትተዋል፤ በጊዜ ብዛት የወርቅ ሳንቲሙ ወርቅነት እየቀነሰ መሄዱን ያወቅነው በዘመናዊ ምርመራ እንጂ በአፍ ታሪክ አይደለም። የላብ ጥቅም ግልጽ ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ ክፍያ የምንከፍለውም ለእሱ ነው።

ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በማንኛውም ፖስተር ላይ መሣሪያውን ያሳየንን ቴክኒሻን እናመሰግናለን። ብሩን በቅናሽ የሸጠልንን ሱቅ አመስግነናል፣ ስሙ አሁንም ፖስተሩ ላይ አለ። የመለኪያ መሣሪያ ስህተት ያስተዋለልንንና ዋናውን ግራፍ ያስገኘልንን ሰው ማመስገን ጉራ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? ቴክኒሻኑ ማርቴንሳይትን ያውቅ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የእኛው ሰው ሲሆን ብቻ ነው ፈተና የምናስቀምጠው።

"ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ለምን ትቆሰቁሱታላችሁ" ያላችሁኝም አላችሁ። ድሮ ቢሆን ኖሮ እናትየው ባልደወሉ። "አገር ቤት ያለው ችግር ላይ ሌላ መከፋፈያ አትጨምሩ" ለሚለው ደግሞ፣ መከፋፈያው ለአንጥረኛው ልጅ ሁልጊዜም ነበረ፤ አዲስ የሚሆነው ለሌሎቻችን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጓደኛችን ነገር ነው። ቅይጥ ላይ ምርምር መቀጠል ትፈልጋለች፤ ለማስተርስ የምታመለክትበትን ጽሑፍ እየጻፈች ነው። ሁሉም የማመልከቻ ቅጽ "ለዚህ ዘርፍ ያነሳሳሽ ምንድን ነው" ብሎ ይጠይቃል። ከሁላችንም የተሻለ መልስ ያላት እሷ ናት፦ አያቷ ወናፍ ሲነፉ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ያደገች ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ያነበብኩት ረቂቋ ግን "በልጅነቴ የሳይንስ መጻሕፍትን እወድ ነበር" ብሎ ነው የሚጀምረው። የማንኛችንም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለመስከረሙ የማኅበሩ ስብሰባ በጽሑፍ ያስገባሁት ሐሳብ ይህ ነው። የባህል ምሽቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሁሉ ካርዱ ከምን ብረት እንደተሠራ፣ በምን ዘዴ እንደተሠራና የሠሪው ሙያ በአማርኛ ምን እንደሚባል ይጻፍበት፤ ሠሪው ከታወቀና ከፈቀደ ስሙም። ካርዶቹን ለመሙላት እኛ ዕቃዎቹን በውኃ ሚዛን እንለካለን፣ ዕቃው አይነካም፣ ነፃ ነው። በዚህ አጋጣሚ ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ መስቀል በብር ዋጋ የገዛችሁ ብዙዎች እንዳትደነግጡ፤ አንገታችሁን የሚያሳክካችሁ ካለ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ወይም የነበራቸው ወላጆችና አያቶች ያሏችሁ፣ ድምፃቸውን እንቅዳ፤ ስም ሳይወጣ የሚቀመጥም ይኖራል፣ ምርጫው የእነሱ ነው። ሦስተኛ፣ የግሩፑ አድሚኖች በዘርና በሃይማኖት ላይ የሚቀለድ ቀልድ እንደሚያጠፉት ሁሉ የቡዳውንም ያጥፉት። ይህ ለመጨረሻው ጥቂት ተቃውሞ እንደሚገጥመው አውቃለሁ፣ "ቀልድ ነው እኮ" የሚል። ሃያ የሳቅ ምልክት ያየችው ልጅ ባለችበት ስብሰባ ላይ ቆሞ ይህን የሚል ካለ እንሰማዋለን።

ለቀጣዩ ዓመት ፕሮጀክት ወደ ማረሻው እንሄዳለን። የተጣለ ባሌስትራ የሚሰጠን ጋራዥ አግኝተናል፤ ከአንዱ ባሌስትራ እየቆረጥን በውኃ፣ በዘይትና በአየር አቀዝቅዘን ጥንካሬውን እንለካለን፣ ስብራቱንም በማይክሮስኮፕ እናያለን። አዛውንቱ ወንድማቸው ከውኃው ሲያወጣ ይጠብቅ የነበረውን ቀለም ሊነግሩን ተስማምተዋል፤ የሚመቻቸው ሰዓት የእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አራተኛ ሰው እንፈልጋለን። የላብ ደኅንነት ሥልጠና የወሰደና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነቅቶ ማስታወሻ መያዝ የሚችል ቢሆን ይመረጣል።